ባለቤት ያጣ መርዶ

ስሂን አሜሪካ፣ ሀያትስቪል ካለው አፓርታማዋ አዲስ አበባ በደወለች ቁጥር የእናቷን ስልክ ጎረቤት ታነሳና እትዬ አሰለፈች ጠበል ሄደዋል ትላታለች። የትኛው ጠበል ብላ ስትጠይቅ መስመሩ ይቆራረጣል። ሰማንያውን ያለፈ፣ ጉልበቱ እምቢ ያለው ሰው ክረምቱን ሙሉ ጠበል አይከርምም። ስሂን ደግሞ ሞኝ አይደለችም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የአዲስ አበባ ሰፈሯ ሰዎችም ፀባያቸው ተለውጧል። ዓመት ሙሉ ያልደወሉላት ሴቶች ምስር ወጥ በእቃ ሞልተው በሯ ላይ ያስቀምጣሉ። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ዊልቸር በምትገፋበት ኤርፖርት እንኳ ያገሯ ልጆች ከባድ ከባዱን መንገደኛ ከእጇ እየተቀበሉ ቀላሉን ይተዉላታል። እንዲህ እያደረጉ ምስጢር ጠበቅን ይላሉ እንግዲህ!

በመጨረሻ ጉዱን ያፈረጠችው ዕድላዊት ናት፤ የድሮ ጎረቤቷ የጋሽ እንግዳወርቅ ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ስሂን ቤቷ ስታደርሳት መኪና ውስጥ አጥብቃ ብትይዛት፣ "ሶሪ ስሂንዬ፣ ዳድ ይነግርሻል ብዬ ነው የጠበቅኩት፤ እስካሁን አልነገሩሽም?" አለቻት። ከዚያ የእናቷን ሞት ጨምራ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርዶ የሚያረዳው ዘመድ ነው፤ ያውም ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ። የስሂን ዘመድ ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ሁሉም የተደናበረው።

እናቷ የአዲስ አበባ ሰው፣ አባቷ ከኤርትራ የመጡ መካኒክ ነበሩ። በዘጠና ዓመተ ምህረት ጦርነቱ ሲጫር አንድ ሌሊት በር ተንኳኳና አባትና ልጅ ውጡ ተባሉ፤ እናት ግን ያገር ልጅ ናት ተብላ ቀረች። ስሂን በአውቶቡስ ተጭና የተወረወረችበትን አገር ከዚያ በፊት በዓይኗ አላየችውም፤ ቋንቋውንም አታውቀው። እዚያም "አምቼ" አሏት፤ ዕቃው ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ እንደተገጣጠመው መኪና ማለታቸው ነው። አባቷን አስመራ ቀብራ፣ ሱዳን ስደተኛ ጣቢያ ዓመታት ፈጅታ እዚህ ደረሰች። እዚህም ለኢትዮጵያዊው "ኤርትራዊቷ ስሂን"፣ ለኤርትራዊው "አምቼዋ" ናት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። እሷን ግን ሁለቱም ባላ ወደ ሌላው ነው የሚገፋት።

ጋሽ እንግዳወርቅ መርዶውን የሰሙት በዕለቱ ነው። ግን የአባቷ ዘመድ በሕይወት እያለ እኛ ብንቀድም ድፍረት ነው ብለው እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድርያ ላሉት ለአባቷ አጎት ልጅ ለአቶ ተኪኤ ደወሉ። አቶ ተኪኤ ደግሞ ሟች የእናንተ ጎረቤት ናቸው፣ አብራችሁ በልታችሁ ጠጥታችኋል፣ እኔ በምን አፌ አሉ። በዚያ ላይ ስሂን ገና በጨለማ ሥራ ስለምትወጣ ጎህ ሲቀድ ቤቷ አትገኝም ተባለ። እንዲህ እየተባባሉ ሁለት ወር አለፈ። የእናቷ ሞት ባለቤት አጣ።

ስሂን ተቃጠለች። ሾልኮ በመጣ ወሬ ማን ያለቅሳል? ጥቁር ብትለብስ ማን ነገረሽ ሊሏት ነው፤ ብቻዋን ብታለቅስ አጽናኝ የላትም። ከእናቷ የቀራት ለቅሶዋ ብቻ ነበር፤ እሱንም ይሉኝታ አስሮ ያዘባት።

ማክሰኞ ሥራዋን ትታ ገና ሳይነጋ አሌክሳንድርያ ነዳች። አቶ ተኪኤን ኮታቸውን እንኳ በቅጡ ሳይቆልፉ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሳ የጋሽ እንግዳወርቅን በር ስታንኳኳ ሰማዩ ገና መገርጣቱ ነበር።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከፈቱ። ሁለቱን ሲያዩ ገባቸው። ሚስታቸውም ነጠላዋን እያጠለቀች ወጣች። ስሂን ሶፋውን አልፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

"ይቅደሙ፣ አቶ ተኪኤ" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

"ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ። ቤቱም የእርስዎ ነው።"

ደግመው ተገባበዙ፤ በር ላይ ሆነው እለፉ እለፉ እንደሚባባሉ ሰዎች። ስሂን ደሟ ፈላ፤ ድምጿን ግን ከፍ አላደረገችም።

"ጋሼ፣ ያን ሌሊት አባቴንና እኔን ሊያወጡን የመጡት ሰዎች ማን ይንገራቸው ብለው አልተገባበዙም። በራችንን ለማንኳኳት የማን እንደሆንን ያልጠፋቸው ሰዎች አሉ። እናንተን ምን ነካችሁ?"

ጋሽ እንግዳወርቅ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌዎች፣ ማን እንደቀደመ ሳይታወቅ፣ በግራና በቀኟ ምንጣፉ ላይ ወረዱ።

"እትዬ አሰለፈች አርፈዋል፣ ልጄ" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። "ቀብራቸው ላይ ሰፈሩ ሁሉ ነበር። ደረት የሚመታ ልጅ ብቻ ነው ያልነበረው።"

አውቀዋለሁ ያለችው ነገር እንደ አዲስ ወጋት። ደረቷን መታች። የጋሽ እንግዳወርቅ ሚስት እጇን ልትይዝ ብትጎነበስ አቶ ተኪኤ ይተዉአት አሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ እያንጎራጎሩ እሳቸውም ያለቅሱ ጀመር። ዕድላዊት ከላይ በባዶ እግሯ ወረደች። ፀሐይ ስትወጣ ሳሎኑ በስልክ በተጠሩ የሰፈር ሰዎች ሞልቶ ነበር።

ረፋድ ላይ የኤርፖርቱ አለቃዋ፣ አሜሪካዊው፣ ለምን ሺፍቷን እንደቀረች ሊጠይቃት ደወለ። እናቴ ሞተችብኝ አለችው። አዝኖ፣ መቼ ነው ያረፈችው አላት።

"ዛሬ ጠዋት" አለች ስሂን።