ለወዲያኛው ዳር የተሠራ ግንብ

የማዘጋጃ ቤቱ የጎርፍ ማፋሰሻ ክፍል ሠራተኞች የበጀት ባለሙያቸውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «መጠባበቂያ» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ከሥራውም ከጠባዩም ነው። ሥራው ቦይ ሲቆፈርና ቱቦ ሲቀበር ከታቀደው በላይ ምን ወጪ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ አስቦ ገንዘብ ማስያዝ ነው። ጠባዩም ያው ነው። በመሳቢያው ውስጥ ትርፍ መነጽር፣ በቦርሳው ውስጥ ትርፍ ካልሲ አይጠፋም። ጠራራ ፀሐይ በሆነበት ቀን ጃንጥላ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ቢሰበርስ ብሎ ደግሞ ሌላ ከወንበሩ ጀርባ አንጠልጥሏል። ባልደረቦቹ ትርፍ ሚስትስ የለህም ወይ ብለው ሲቀልዱበት፣ አንዷንም ያገኘሁት በስንት ምልጃ ነው ይላቸዋል።

ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ወንበር ሲቀመጥ የተማረው ትልቁ ጥበብ ማሳበጥ ነበር። ጥበብ ስል እየቀለድኩ አይደለም። የፋይናንስ ክፍል የቀረበለትን በጀት ሁሉ፣ ገልጦ ከማየቱ በፊት እጁ እንደለመደ ይቆርጣል። ስለዚህ የሚያቀርበውም ክፍል ቁፋሮውን፣ ድንጋዩን፣ አሸዋውን ሁሉ በነጠላ ዋጋው ላይ ጨምሮ ያቀርባል። ቆራጩ ማበጡን ያውቃል፤ አሳባጩም መቆረጡን ያውቃል። ሻጭ እጥፍ ጠርቶ፣ ገዢ በግማሽ ጀምሮ መሀል ላይ እንደሚገናኙት ማለት ነው። ማንም ውሸታም አይባልም፣ ማንም አይቀየምም። ከመቁረጫው የተረፈችው ነገር ቁፋሮው አለት ሲገጥመው፣ ማንም የማያውቀው የውሃ መስመር ሲበጠስ፣ የሰው አጥር ሲፈርስ ትደርሳለች። ከተማው እስከ ዛሬ በጎርፍ ያልተወሰደው በዚህች ቀጭን ውሸት ተደግፎ ነው።

ዘንድሮ ግን አዲስ ኃላፊ መጣች። ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ቀናነቷ ፊቷ ላይ ይነበባል። ዕቅዱም እንደ ወትሮው የአንድ ሰፈር ቦይ አልነበረም። ከኮረብታው አናት ተነሥቶ፣ በገበያው ሥር አልፎ፣ ታች ወንዙ ድረስ የሚወርድ የመላው ከተማ ማፋሰሻ ነው። ኃላፊዋ ሁሉንም ሰበሰበችና በየዋጋው ውስጥ የተደበቀው ሁሉ ይውጣ አለች። ትክክለኛው ዋጋ ይጻፍና መጠባበቂያው በአንድ መስመር ላይ፣ «ላልታሰቡ ወጪዎች» ተብሎ በግልጽ ይቀመጥ። የፋይናንስ ኃላፊውም እንደማይነካው ቃል ገብቶላታል። የኛ ሰው አንዴ ብቻ፣ እባክሽ ልጄ ይህ ነገር ይቅርብን ብሏታል። ሳትሰማው ስትቀር ግን ተቀምጦ ሠራው። እንዲያውም ደስ አለው። የጻፈው ቁጥር ሁሉ እውነት የሆነበት በጀት ከእጁ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበርና፣ ያን ሰሞን ቤቱ የሚገባው እያፏጨ ነበር።

የምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሰነዱን ያየው ከምሳ በፊት ነው። ሰብሳቢው መስመሯ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና፣ «ያልታሰበ ወጪ ከሆነ እንዴት አሰባችሁት?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ መስመሯ ተሰረዘች። ከዚያም ለአመል ያህል ከቀረው ላይ ደግሞ ጥቂት ተቆረጠ። ቃል የገባው የፋይናንስ ኃላፊ ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ በስብሰባም ይሠራል።

ኃላፊዋ ከስብሰባው ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የኛን ሰው ጠርታ በሩን ዘጋችና ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረችው። ዝናቡ ሳይገባ ሥራው ካልተጀመረ ገንዘቡ በሙሉ ይመለሳል። ያለ መጠባበቂያ ከጀመሩት ደግሞ የመጀመሪያው አለት ላይ ይቆማል፤ ቦይ ተከፍቶ ክረምት ሲገባበት ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ከዕቅዱ ውስጥ አንድ ነገር ወጥቶ ገንዘቡ ለመጠባበቂያ ይያዝ። የላይኛውና የመካከለኛው ሥራ ለተቋራጭ ተሰጥቷል፤ ቱቦውም ተገዝቷል። ያልተነካው ታችኛው ጫፍ ነው፤ ቦዩ ወንዙን ከመቀላቀሉ በፊት በሁለቱም ዳር የሚሠራው የድጋፍ ግንብ። አንደኛው ዳር ቢቀር ይበቃል።

«የትኛው ዳር እንደሚቀር እርስዎ ይወስኑ ጋሼ» አለችው። «ከእርስዎ በላይ ቦታውን የሚያውቅ የለም። እኔ እፈርማለሁ።»

ቦታውንስ ያውቀዋል። ቤቱ እኮ እዚያ ነው።

ከቦዩ በዚህኛው ዳር ከአንድ የእንጨት መጋዘን ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቤት የሱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋን ፊት ለፊቱ ክፍል አስቀምጣ ስትሰፋ ትውላለች። በጓሮ በኩል፣ ከቦዩ ጎን ባለው ክፍል፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ያልወረዱ አማቱ ተኝተዋል። አልጋቸው በሌላ በር አይገባም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው የግቢውን አጥር ይልስና ይመለሳል። ሚስቱ የኛ መቼ ነው የሚሠራው ስትለው፣ የራሴን ላስቀድም እንዴ፣ ተራው ይደርሳል እያለ ዓመታት አሳልፏል። ተራው ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውም አብሮ ደረሰ። እስከ ዛሬ የኮረብታው ውሃ በየሰፈሩ እየተበታተነ፣ እየዘገየ ነበር የሚወርደው። አሁን በሰፊ ቦይ ተሰብስቦ፣ ፈጥኖ፣ በአንድ ጊዜ እዚያች ጓሮ ይደርሳል።

ልኬቱ የሚለው ግልጽ ነበር። በዚህኛው በኩል መሬቱ ዝቅ ያለ ነው። ወዲያኛው ዳር ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ብዙ ቤት ቢኖርበትም፣ ውሃ ወጥቶበት አያውቅም። ቦታውን የለካው ቀያሽም አንድ ግንብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በዚህኛው ዳር ይሁን፣ በወዲያኛው ብቻ ከተሠራ ግን ውሃውን ወደ ዝቅተኛው ይገፋዋል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ የሚጻፈው እውነት አንድ ነው፦ ግንቡ የባለሙያው ቤት ጓሮ ላይ ይሠራ።

ይህን እንዴት ብሎ ይጻፈው? ባለፈው ዓመት የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቤት በር ላይ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ታየ ተብሎ ምን እንደተደረገ አይቷል። ሲሚንቶው በገዛ ገንዘቡ የገዛው መሆኑ ኋላ ተረጋግጧል፤ ስሙ ግን አልተመለሰለትም። ዛሬም ሲያልፍ ሰዎች ይጠቃቀሳሉ። የኛ ሰው ያን መጠቃቀስ በጀርባው ላይ አስቀድሞ ሰማው። ለሃያ ዓመት ቁጥር ሲያሳብጥ ኖሮ አንድም ቀን ሌባ ተብሎ አያውቅም፤ አሁን እውነቱን ቢጽፍ ነው ሌባ የሚባለው።

ቤቱን ልሽጠው ብሎም አሰበ። ይህን እያወቀ ለማን ይሸጣል? ሻጭ ዝም ቢል ኅሊናው ዝም አይል። ተከራይቶ መውጣትም ከደመወዙ በላይ ነው፤ አማቱን ማንቀሳቀስ ደግሞ ሐኪም የከለከለው ነገር ነው። አንዲት መውጫ ግን ነበረችው። ለኃላፊዋ ቤቴ እዚያ ስለሆነ ሌላ ሰው ይወስን ማለት ይችል ነበር። በሯ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል። እንዲህ ማለቱ ራሱ ልመና መሰለው። እኔ ፈሪ አልለውም፤ እሱ ግን ኋላ ራሱን ብሎታል።

በዚህኛው ዳር ያለው ይቅር ብሎ ጻፈ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ወዲያኛው ዳር ነዋሪ ይበዛል አለ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ለውሃው ግን ምኑም አይደለም። ቀያሹ ወረቀቱን አይቶ ጋሼ ልኬቱ እኮ በዚህ በኩል ነው የሚለው ሲለው፣ የተጻፈው ይበቃል ብሎ በቁጣ መለሰው። ቀያሹ ሰውዬው ሲቆጣ አይቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ወጣ። ኃላፊዋ ፈረመች።

ግንበኞች መጥተው በወዲያኛው ዳር ድንጋይ መደርደር ሲጀምሩ ሚስቱ ከመስኮቱ እያየች ትሰፋ ነበር። እነሱን ሲጨርሱ ወደኛ ይሻገራሉ ብላ ጠበቀች። አንድ ቀን ግንበኞቹ ዕቃቸውን ሲጭኑ አየችና ወጥታ አለቃቸውን ጠየቀችው። የእናንተ ወገን ተሰርዟል እኮ አላት።

ማታ ባሏ ሲገባ መኪናዋ ሥር እንደተቀመጠች ጠበቀችው።

«ማነው የሰረዘው?»

«ገንዘቡ አልበቃም።»

«ማነው የሰረዘው ነው ያልኩህ።»

ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ። እሱ መሆኑን ነገራት። ልኬቱን፣ የንብረት ክፍሉን ሰውዬ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት፤ ሚስቱን ዋሽቶ አያውቅምና። እሷ አልጮኸችም። እናቷ በወዲያኛው ክፍል ስለነበሩ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«የራሱ እያረረበት የሰው ያማስላል ሲባል እሰማ ነበር። አንተ ግን ድስት ለሌለው ሰው ነው የምታማስለው። እነሱ ጋ ውሃ ወጥቶ ያውቃል? ውሃው የመጣ ቀን እናቴን በምን ልትሸከማት ነው? በስምህ?»

በማግስቱ ማልዶ ኃላፊዋ ጋ ገባና ወረቀቱን ከመጻፉ በፊት መናገር የነበረበትን ሁሉ ተናገረ። ልጅቱ ሰምታው ፊቷን በእጇ ያዘች። «ቤትዎ እዚያ መሆኑን ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?» አለችው። ከዚያ ሰነዶቹን አንድ ላይ ገለጡ። የተቋራጩ ውል አልቋል። የቀረ ገንዘብ ያለው በመጠባበቂያው ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ እንዴት እንደሚወጣ የሚደነግግ ደንብ አለ። ደንቡን ያረቀቀው እሱ ራሱ ነው። ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ብቻ ይላል። ያ ግንብ ታስቦ፣ ተለክቶ፣ በፊርማ የተተወ ነው፤ አስበው የተዉትን ያልታሰበ ሊሉት አይችሉም። አዳራሹን ያሳቀው ነገር ዞሮ እሱን አሰረው። ልጅቱ ለሚመጣው ዓመት በጀት እናስገባዋለን አለችው። የሚመጣው ዓመት የሚመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው።

ሰማዩ መጠቆር ጀመረ። እሱም ከሥራ መልስ ከአሸዋ ሻጭ ከረጢት እየገዛ አሸዋ እየሞላ በጓሮው አጥር ሥር መደርደር ያዘ። ከወገቡ በላይ ሊያደርሰው አልቻለም። በወዲያኛው ዳር ያለው ግንብ ግን ቀጥ ብሎ፣ አምሮ፣ ከነሲሚንቶ ልስኑ ቆሞ ያየዋል። ሚስቱ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ግን አታናግረውም። አማቱ ምን ሆናችሁ ሲሏቸው ሁለቱም ድካም ነው ይላሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወዲያኛው ዳር ጡረታ የወጡ ሾፌር በእንጨቱ ድልድይ ተሻግረው መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ከበሩ ላይ ቆመው፣ ነገሩን ከግንበኞቹ አለቃ እንደሰሙ፣ የወዲያ ማዶ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ እንደላካቸው ተናገሩ። በዚህ ዘመን የራሱን ትቶ የሰውን የሚያስቀድም ሰው ከየት ይገኛል፣ እኛ ማዘጋጃ ቤት ሌባ ብቻ ያለ ይመስለን ነበር አሉ። ልጆቻችንን ባንተ ነው የምንመክራቸው አሉት።

እሱ ከረጢት እንደያዘ ቆሟል። ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችው፤ ስትናገር ሽማግሌው እንዳይሰሟት በሹክሹክታ ነበር። «ንገራቸው» አለችው።

አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እሱም አያውቀው። እንደ ፈራ፣ ግንቡ ለእነሱም እንደማይጠቅማቸው፣ ምስጋናው እንደ ድንጋይ እንደከበደው ሊነግራቸው ይችል ነበር። ሽማግሌው ግን ዝምታው ትሕትና መሰላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉና መረቁት።

«የኛን ቤት እንደጠበቅህልን ፈጣሪ የአንተን ቤት ይጠብቅልህ።»

እሱ አጎንብሶ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከጓሮው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ፣ ሁሉን የሰሙትና ምንም የማያውቁት አማቱ ብቻ፣ በዚህ ዓይነት አማች በመታደላቸው ድምፃቸው በደስታ እየተንቀጠቀጠ፣ «አሜን» አሉ።