ድመቷ የረገጠችው ሙዳይ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም። የጠፋ ሰው የለበትም፣ የተገኘ ሀብት የለበትም። አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ተኛች፣ ከዚያ ተነሳች፤ ይኸው ነው። ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዝታ ማውራት ትልልቅ ሰዎችን ያስቃል። ግን ዛሬ ጠዋት ዶርም ውስጥ ሳሙናዬን ላወጣ እጄን ስሰድ፣ ሳሙና የማስቀምጥበት ትንሹ የሣር ሙዳይ ጣቴን ወጋኝ። ሙዳዩ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ጠጋ ብዬ ሳሸተው የአክስቴ ቤት ሸተተኝ፤ የደረቅ ሣርና ዝናብ ያራሰው የድንጋይ ግድግዳ። ስለዚህ ልንገራችሁ።

የተሰበርኩት ነሐሴ ውስጥ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የሰፈራችን ድንጋይ በዝናብ ረጥቦ አንሸራተተኝ። ሆስፒታል ወስደው ሁለቱን አጥንት በብረትና በብሎን አሰሩልኝና እግሬን በጀሶ ጠቀለሉት። ስወጣ ዶክተሩ ጣቱን አንስቶ፣ "ለስድስት ሳምንት መሬት አትርገጪ" አለኝ። አክስቴ አጠገቤ ቆማ እንደ ተማሪ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጅ የላትም፤ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ቤታችን ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከመኪና ግርግር ጀርባ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ዳርና ዳር ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ነው። ከዚያ ወደ እኛ በር የሚወስደው ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ ባጃጅ አይገባም። ስለዚህ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሙኝ።

"መንገድ ልቀቁ፣ ሙሽሪት መጣች!" ይላል ከፊት ያለው።

"ወላሂ ይቺ ሙሽራ ስትቀመጥና ስትቆም ክብደቷ አንድ አይደለም" ይላል ከኋላ ያለው እያለከለከ።

ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጥቶ ሲስቅ እኔ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።

መኝታዬ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ አክስቴ ታች ነደባው ላይ አነጠፈችልኝ። ነደባ የምንለው በሐረሪ ቤት ከወለሉ ከፍ ተደርጎ የሚሠራውን ሰፊ መደብ ነው። እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ይበላበታል፣ ይተኛበታል። እኔ ታሰርኩበት።

እኔ በጎኔ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። እግሬ ግን ሦስት ትራስ ላይ ተሰቅሎ በጀርባዬ ብቻ እንድተኛ ተፈረደብኝ። ዓይኔ ሲዝል እንቅልፉ ይመጣና፣ ሰውነቴ ሳያውቀው ሊገላበጥ ሲል ቁርጭምጭሚቴ ይቀሰቅሰኛል። ከጀሶው ውስጥ የሚያሳክከኝን ቦታ እጄ አይደርስበትም። ቀን ቀን የጣሪያውን እንጨት አያለሁ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ እንደገና ጥቁር። ጠዋት በበሩ የሚገባው ብርሃን ቀዩን ወለል አቋርጦ ወደ እኔ ይመጣል፤ ነደባው ሥር ሲደርስ ይቆማል። አንድም ቀን ወጥቶ አልነካኝም። ውጭ የስፌት መኪኖቹ ይንጫጫሉ፤ ድንገት ዝም ሲሉ አዛን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ይነሳል። እኔ ተኝቼ እሰግዳለሁ።

አክስቴ ከእግሬ ሥር ተቀምጣ ያንን ሙዳይ ትሰፋ ነበር። ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሣር ውኃ ውስጥ እየነከረች፣ በወስፌ እየወጋች።

"ዩኒቨርሲቲ ይዘሽው የምትሄጂው ነው" አለችኝ።

"ባልሄድስ?"

"ባትሄጂ ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ።"

ውጤት መጣ፤ አለፍኩ። ማሻአላህ ያላለ ጎረቤት አልነበረም። ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ወጥቶ በጊዜው ያልተመዘገበ ዓመቱ ይበላበታል ሲባል ሰማሁ። ጥሪው መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። እኔ ደግሞ እግር እንዳለኝ እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሽንት ቤት የምሄደው በአክስቴ ትከሻና በክራንች፣ አንድ እግር አንጠልጥዬ ነው። ሌላኛው ይሠራ አይሠራ ማን ያውቃል?

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ለቅሶ ሄደች። ቤቱ ጭር አለ። ተኝቼ የዶክተሩን ቃል ደጋግሜ አሰብኩት። "መሬት አትርገጪ" ነው ያለኝ። መሬት ታች ያለው ቀዩ ወለል ነው። ነደባ ደግሞ መሬት አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ አክስቴ "ከመሬት ተነሺ፣ ነደባ ላይ ውጪ" ስትለኝ ነው ያደግኩት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እውነት መሰለኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። እሳት ነበር፣ ግን ሄድኩ። ሁለተኛም ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ቅርጭጭ አለ። ሙዳዩ ነበር። ከሥቃዩ ብዛት በቂጤ ተቀመጥኩ።

ምን ልበላችሁ፣ ደበቅኩት። እግሬ ከሚሰቀልባቸው ትራሶች ከታችኛው ሥር ከተትኩት።

አክስቴ መጥታ ፈለገችው። ጨርቅ አነሳች፣ ቅርጫት ገለበጠች።

"አይተሽዋል?"

"አላየሁም።"

"ድመት ወስዳው ይሆናላ" አለችና ሌላ ሥራ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ትራሱ ሥር ያ ሙዳይ እያለ ተኛሁ። አንዳንዴ ሳልንቀሳቀስ እንኳ ሣሩ ቅርጭጭ ሲል እሰማው ነበር። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጀሶው ጠበበኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ስድስት ሳምንት ሲሞላ በወንበር እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየው።

"አንዷ ብሎን ላልታለች። ማን ነው ያስረገጣት?"



"እኔ ነኝ" አለች አክስቴ። "ለሶላት ትቁም ብዬ ያስነሳኋት እኔ ነኝ።"

"እናቴ፣ መሬት እንዳትረግጥ አላልኩም?"

"መሬትማ አልረገጠችም፣ ዶክተር። ነደባ ላይ ነው የቆመችው።"

"ነደባ ምንድን ነው?"

አክስቴ በእጇ ከፍታውን አሳየችው። ዶክተሩ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ሊቆጣም ሊስቅም አቃተው። "የሚያቆም ነገር ሁሉ መሬት ነው፣ እናቴ" አላት ቀስ ብሎ። ከዚያ በእኔ ስህተት እሷን ገሰጻት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሌላ ስድስት ሳምንት ተጨመረብኝ። እኔ ግን ስለ እግሬ አልነበረም የማስበው። የነደባውን ነገር ለማንም አልነገርኩም፤ በልቤ ብቻ ያልኩትን ቃል አክስቴ ከየት አመጣችው?

ቤት ስንደርስ እግሬን ልትሰቅል ትራሶቹን አነሳች። እጇን ወደ ታችኛው ሥር ሰደደችና ሳትፈልግ፣ ሳትዳብስ ሙዳዩን አወጣችው። የት እንዳለ ታውቅ ነበር። በየቀኑ የምታነጥፈው እሷ አይደለችም?

አገላብጣ አየችው። "ይቺ ድመት" አለች፣ "እግሯ ትልቅ ነው።"

አለቀስኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ "ዝም በይ፣ ሣር ንከሪልኝ" አለችኝ።

ሁለተኛው ስድስት ሳምንት ከመጀመሪያው ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም አሁን ግድግዳው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደገና የጣሪያ እንጨት፣ እንደገና የማይነካኝ ብርሃን። ሙዳዩን ግን እየተቀባበልን ሰፋነው። የገባውን ጎን አልነካችውም። "አቃኚው እንጂ" ስላት፣ "ተይው፣ የእግርሽ ፊርማ ነው" አለች።

ኅዳር ላይ ጀሶው ወጣ። ዶክተሩ "አሁን መሬት ርገጪ" አለኝ። ያን ያህል የለመንኩት ነገር ሲመጣ ግን አልቻልኩም። ከነደባው ወርጄ ቀዩ ወለል ላይ በሁለት ክራንች ቆሜ፣ እግሬ እንደ ሰው ዕቃ ከሥሬ ተቀምጧል። ቀጥኗል፣ ነጥቷል። በዋዜማው ማታ የወጣው ጥሪ ሦስት ሳምንት ሰጥቶኛል፤ እኔ ግን አንድ ክንድ መራመድ ፈራሁ።

አክስቴ አልገፋችኝም። ሙዳዩን ይዛ ሄደችና በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ውስጥ አስቀመጠችው።

"ድመቷ ሳትወስደው ነይና አንሺው" አለች። "ቢስሚላህ በይ።"

አልኩ። ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው ፀሐዩ እጄ ላይ ነበር፤ ቀና ስል አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተሰቀለ ሰፌድ ታስተካክል ነበር። ሰፌዱ አልተጣመመም ነበር።

የሄድኩ ዕለት በመተላለፊያው ውስጥ እኔ ከፊት፣ እሷ ሻንጣዬን ይዛ ከኋላ ሆንን፤ ጎን ለጎን አያሳልፍማ። እሷን አላያትም፤ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። እኔ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። መኪና ግርግር ስንወጣ ያኔ ከፊት የተሸከመኝ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቆመና፣ "ሙሽሪት በእግሯ!" ብሎ ጮኸ። ባጃጁ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሙዳዩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። 

አሁን ነደባው ላይ የምትተኛው እሷ ናት፤ ደረጃው ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ጠዋት ጠዋት ትደውላለች። እንዴት አደርሽ አትልም።

"መሬት ረገጥሽ?"

"ረገጥኩ።"

"አልሐምዱሊላህ" ትልና ትዘጋዋለች።

ከአክስቴ ነደባ ተነስቼ፣ ያለ ክራንች፣ በገዛ እግሬ ከጁገል የወጣሁት ረቡዕ፣ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን ነበር።