አራት ዓመት ያለ ካልሲየም

እትዬ ሚዛን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጨው ስትመዝን ኖራለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው፤ ለሻይዋ ስኳር እንኳ የምትጨምረው መዝና ነው እያሉ ያሟታል። የአሠራሩን ወረቀት ግን አንድም ቀን አታይም። «ወረቀት ለሚረሳ ሰው ነው» ትላለች። ኧረ ትዕቢት!

ሕዋሳት የሚቀመጡበትን የጨው ውሃ እትዬ ሚዛን የምታዘጋጅላት ልጅ ለዶክትሬቷ አራት ዓመት ደክማለች። የምታጠናው ከአንጎል ሥር ያለችውን፣ አተር የምታክል ዕጢ ሕዋሳት ነው። ሆርሞን ሲነካቸው ውስጣቸው ያለው ካልሲየም በቅጽበት ያሻቅባል፤ የጠጡት ቀለምም ስክሪኑ ላይ ያበራል። ሌሎች ተመራማሪዎች ዘንድ ብርሃኑ ቦግ ብሎ፣ ከዚያ ደብዘዝ ብሎ ይቆያል። እሷ ዘንድ ግን ቦግ ብሎ እልም! «አዲስ ግኝት ነው» ተባለ። ፕሮፌሰሩ ጮቤ ረገጠ። የዶክትሬት ጽሑፏ ሰኞ ሊገባ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጅቱ ጠርሙሱን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ካልሲየሙ ስንት ነው? ጽሑፉ ላይ ላስገባው ብዬ ነው።»

«ምንም የለውም። ቀድሞ ከገባ ይደፈርሳላ! የሙከራው ቀን አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትጨምሪው?»

ልጅቱ ክው አለች። «እኔ? እርስዎ ጨርሰው የሚሰጡኝ መስሎኝ!»

ከእሷ በፊት የነበረው ተማሪ ራሱ ይጨምር ነበር፤ ለአዲሷ የነገራት የለም፤ ወረቀቱንም ያሳያት የለም። አራት ዓመት ሙሉ ሕዋሳቱ ከውጭ የሚያስገቡት ካልሲየም አጥተው፣ ጓዳቸው ያለችውን ብቻ አውጥተው ጨርሰዋል። ግኝት የተባለው ይኸው ነው።

ወዲያው ጨምረው ሞከሩት። ብርሃኑ ቦግ አለ፤ ደብዘዝ አለ፤ ቆየ። ልክ መጽሐፉ እንደሚለው።

«ማንም አያውቅም» አለች ልጅቱ የእትዬ ሚዛንን እጅ ይዛ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ዝም ይበሉልኝ። የተሰጠኝ ጊዜ አልቋል። እንደገና ልጀምር ብል ማን ይቀበለኛል?»

እትዬ ሚዛን መናገር ነበረባት። ግን ጥፋቱ የእሷም ነው፤ ልጅቱንም እንደ ልጇ ትወዳታለች። «እሺ» አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ኧረ ይነቅዛል!

ሰኞ ጽሑፉ ገባ። ከወር በፊት የተጻፈውን የምስጋና ገጽ ፕሮፌሰሩ በሁሉም ፊት አነበበው፦ «ያለ እትዬ ሚዛን እጆች ይህ ግኝት ባልተገኘ ነበር።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበላት። ልጅቱ ብቻ ቀና ብላ አላየቻትም። እትዬ ሚዛን እጇን የምታደርግበት ስታጣ፣ እሷም አጨበጨበች።