የተጸለየበት ሙዝ

ዲላ፣ ጎህ ሲቀድ

ከተማው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ላንድሮቨሩ አጠገብ ቆመናል፤ እኔና የአምስት ዓመቷ ልጄ ማርታ። የምንሄደው ቡሌ ነው። የጸሎት ቤቶቻችን በር በአብዮቱ ሰዎች ከታሸገ ወዲህ ምእመናን የሚሰበሰቡት አክስቴ ጓሮ፣ እንሰት መሐል፣ በደቦ ስም ነው። እንሰቱም በእርግጥ ይፋቃል፤ ስለዚህ ውሸት አይባልም ብለን ኅሊናችንን አሳምነናል። እኔ የተጠራሁት ልጅን በእምነት ስለማሳደግ እንዳስተምር ነው።

ማርታን አስከትዬ የወጣሁት በሚስቴ ምክር ነው። ልጅ የያዘ ሰው አይጠረጠርም ብላኝ። ሳምንቱን ሙሉ አሠለጠንኳት፤ የት ትሄዳላችሁ ከተባለች «አክስቴ ቤት፣ ለደቦ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አትጨምርም። የጌታን ጸሎት እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላስጠናኋትም።

ለአዋቂ ሦስት ብር፣ ጭን ላይ ለሚቀመጥ ልጅ በነፃ። ሹፌራችን ጋሽ ኑሪ ጮክ ብሎ «ቢስሚላህ» አለና ሞተሩን አስነሳ። ቀናሁበት።

ዳገቱ

ቡና፣ ሙዝ፣ ቀይ ጭቃ፣ ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች። ከፍ ባልን ቁጥር ቡናው እየሳሳ እንሰቱ ይበዛል፤ ብርዱም አብሮት። ጭቃው ሁለቴ ያዘን፣ ሁለቴም ወርደን ገፋን።

ኬላው

የፈሩት ይደርሳል። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ማርታን የት እንደምትሄድ ጠየቃት። «አክስቴ ቤት፣ ለደቦ» አለች። አንድ ቃል አልጨመረችም። ኮራሁባት። ሰውየውም ደስ ብሎት ከኪሱ ሙዝ አውጥቶ ሰጣት።

እኛ ቤት አባት ሳይጸልይ እህል አይቀመስም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለትምህርቴም በምሳሌነት ልጠቅሰው አስቤ ነበር። ማርታ ሙዙን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነችና ጠበቀችኝ።

«ብይ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

«አባባ፣ አልጸለይክማ።»

«ልጁ ለምን አይበላም?» አለ ጥበቃው። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ በአማርኛው ሴትና ወንድ እኩል ናቸው፤ ልክ አብዮቱ እንደሚለው።

እስር ቤቱን አሰብኩ፤ የመምህርነት ሥራዬን አሰብኩ። ይበልጥ ያስፈሩኝ ግን እነዚያ የተጨፈኑ ዓይኖች ናቸው። ዛሬ ከካድኩ ነገ በየትኛው አፌ ማዕድ እባርክላታለሁ? ባርኔጣዬን አውልቄ አገጬን ኮሌታዬ ውስጥ ቀብሬ ጸሎቱን አልጎመጎምኩ።

«አባባ፣ አልሰማሁም።»

ይኼኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁና ሙዙንም፣ የሰጣትንም ሰው ባርክ ብዬ ጸለይኩ። ማርታ «አሜን» አለች። ጋሽ ኑሪም መሪውን እንደጨበጠ «አሚን» አለ።

ጥበቃው «ጨረስክ?» አለኝ። ጨረስኩ አልኩት። «ይብላ እንግዲህ» ብሎ ገመዱን ጣለ።

ቡሌ

ጉም፣ ትኩስ ቆጮ በጎመን፣ እንሰት የሚፍቁ ሴቶች። ትምህርቴን አቀረብኩ። የመጀመሪያው ነጥብ «አባት ይመራል፣ ልጅ ይከተላል» የሚል ነበር፤ ዘለልኩት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብዬ ልጀምርም አስቤ ነበር፤ እሱንም ተውኩት። አክስቴ ትምህርቱ አጠረ ብላ ቅር አላት።

መልስ፣ በማግስቱ

ገመዱ ዛሬም ተወጥሯል። ጥበቃው ግን ብቻውን አይደለም፤ ሚስቱ ሕፃን አዝላ አጠገቡ ቆማለች። እኔን እንድወርድ በእጁ ጠራኝ። ማርታ እጄን ይዛ አብራኝ ወረደች።

«የኔም ልጅ አይበላም» አለ፤ «ጡት እንቢ ካለ ሰነበተ። ጸልይለት። ቀስ ብለህ ግን፣ ሰው እንዳይሰማ።»

የሕፃኑ ግንባር ይፋጃል። እጄን ጭኜ እንዳለኝ በሹክሹክታ ጀመርኩ። ማርታ ኮቴን ጎተተች።

«አባባ፣ አልሰማሁም።»

ጥበቃው መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ገመዱ የታሰረበት እንጨት ላይ አስደገፈና ቆቡን አወለቀ።

«ከፍ አድርገው» አለ።