የድብ ባሕሩ ችሎት

ጣሊያን ጥሎት በሄደ አሮጌ የጭነት ማኪና ተሳፍሮ ድብ ባሕር ገበያ የደረሰው እንግዳ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ነበር። ሲራመድ እግሩ እንደ አቋቋም ተማሪ ምት ይጠብቃል። ገብስ የምትሸጠው ትርንጎ ሥራውን ብትጠይቀው፣ "ቴያትር እሠራለሁ፤ አዳራሽና መጋረጃ ግን አልወድም" አላት።

በዱላው መሬቱ ላይ ክብ ሠራና "ይኼ ችሎት ነው" አለ። ባርኔጣውን ሲደፋ ባለ በሬ፣ ሲያወልቅ ገብሱ የተበላበት ገበሬ እየሆነ ብቻውን ይሟገት ጀመር። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ድንገት ወደ ትርንጎ ዞረ።

"እሜቴ፣ ዳኛ የለንም፤ ይፍረዱልን።"

"ምነው፣ ወንድ ጠፋ?" አለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

"ሲገበያዩ ሰምቼዎታለሁ፤ ድምፅዎ ሸጋ ነው።"

እንዲህ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ተነሥታ ክቡ ውስጥ ገባችና፣ "አንተ ባለ በሬ፣ ገብሱን ተካ!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። እንግዳው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣት፤ ዓይኑ በደስታ እንባ አቅርሯል። ስሙን ሳይናገር ወደ ደባርቅ መንገዱን ቀጠለ።

በሳምንቱ የአገር ሽማግሎች ለአንድ የማሳ ክርክር ሲሰየሙ፣ ትርንጎ ሳትጠራ ሄዳ ከመሃላቸው ተቀመጠች። ተነሺ ያላት የለም።