በጭብጨባ የማይተካ ደም

ሰፊው ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን ስጥ! የወሎ ተወላጁ፣ የአቃቂው ክር ፈታይ ጓድ ደርዊሽ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይደማም፣ ደሙ እንዳይረጋም ታዟል።

ያዘዘው ሐኪሙ ነው። ደርዊሽ የደም ካንሰር ሕክምና ሲጀምር ድዱ ይደማ ጀመር፤ ወዲያው ደግሞ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ አበጠ። የደም ማቅጠኛ ቢሰጠው መድማቱ ይብሳል፤ ቢከለከል የረጋው ወደ ሳንባው ይሄዳል። ሐኪሙ ግማሽ መጠን ሰጠውና፣ «መድማቱን የሚይዝለት የሰው ደም ካልተገኘ ይህንንም አቆማለሁ» አለ።

ሚስቱ ሞሚና በቀበሌው ስብሰባ ተነስታ ይህንኑ ተናገረችና ደም እንዲሰጡት ለመነች። ሊቀመንበሩ ጓድ ሳህሌ ግን ተቆጣ።

«ግማሽ? ይህ ሐኪም መሀል ሰፋሪ ነው! ወይ ይስጥ፣ ወይ ይከልክል!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ክንድዎን ይስጡኝ፤ ሐኪሙን በኋላ ያጋልጡታል» አለች።

አዳራሹ ሳቀ። ሳህሌም አፍሮ፣ ለደርዊሽ ደም ይሰጥ የሚል ውሳኔ አቀረበ፤ በጭብጨባ ጸደቀ። ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ መፈክር አሰማና ወደ ቤቱ ገባ። ሆስፒታል የሄደችው ሞሚና ብቻ ናት፤ የእሷ ደም ደግሞ ለእሱ አይሆንም።

ድዱ ዛሬም ይደማል፤ የእግሩም እብጠት አልጎደለም። አንተ ከኋላ ወንበር አጥብቀህ ያጨበጨብክ አንባቢ፣ እስቲ የዚያን ግራ እጅህን እጅጌ ጠቅልልና...