በቅሎውን የተከተለው መኪና

ሊማሊሞን የወረደ አውቶቡስ ቆሞ የተቃጠለ ፍሬኑ በሸተተኝ ቁጥር የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ትዝ ይለኛል። ቲቸራችን የቤት ሥራ ሰጡን፤ «አንድ ሰው በበቅሎ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መኪና በሰዓት አርባ እየበረረ ተከተለው። የት ላይ ይደርስበታል?»

ቱሪስት በበቅሎ ተራራው ላይ እስካለው ሳንቃ በር ካምፕ የሚያደርሰው አባቴ ይህን ሳነብ ሰማኝና ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድመቷን እንኳ አላመናትም፤ አስወጣት።

«ባለመኪናው ለምን ይከተለዋል?»

«አልተጻፈም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ደም አለ። የሚሳደድ ሰው የት ደረሰ ቢሉህ መልሱ አንድ ነው፤ አላየሁም።»

«ካልሠራሁት እኮ እወድቃለሁ!»

«አንተ ብትወድቅ ትነሣለህ። እሱ ከተያዘ አይነሣም።»

የደሙ ነገር ግማሹም አልገባኝም። ነገር ግን የአባቴ ፊት ከሊማሊሞ ገደል ይልቅ ያስፈራ ነበርና «አላየሁም» ብዬ ጻፍሁ።

በማግሥቱ ቲቸር የመኪና ጎማ የምታህል ዜሮ ሰጡኝ። ፈራ ተባ እያልሁ ለአባቴ ሳሳየው ግንባሬን ሳመኝ።

«ተመስገን፣ አመለጠ!» አለ።

ሰውዬውን ያውቀው እንደነበር እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።